ስልኬ በተከፈተበት ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ

አንዳንዶቻችሁ ይህን ነገር ከእኔ በፊት ሰምታችሁት ይሆናል። መሐል ሜዳ ስልክ ጥገና ቤት፣ ሞላሌ ገበያ፣ ወደ ቀየት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ እየተሳቀ ሲወራ ከርሟል። ከተወራው ግማሹ ውሸት ነው። እኔ ሰው ቤት ሄጄ ስለ ራሴ የማወራ ሴት ስላልሆንኩ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ዝም የምልለት ሰው ስለሌለ እኔው ራሴ ልጻፈው።

የሺ እባላለሁ። የምኖረው ሞላሌ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የበግ ጸጉር ከገበሬ እየገዛሁ፣ እየፈተልኩና እያስፈተልኩ፣ ለሸማኔ ሰጥቼ ባና የሚባለውን የጸጉር ብርድ ልብስ አሠርቼ እሸጣለሁ። ልጅ የለኝም። ደምሰው የሚባል አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ ቀየት አጠገብ በአባታችን ቤት ይኖር ነበር። ለቅሶና ሠርግ ላይ እንገናኛለን፤ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን፤ ከዚያ እሱ ከወንዶቹ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር እንቀመጣለን። በዚህ ዓይነት ብዙ ዘመን ኖርን።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ግሼ አግብቼ ሳለሁ እናታችን ሞተች። ለእኔ ግን ሰው አልተላከብኝም። አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ያውም ገበያ ላይ፣ ሰፌድ ተሸክሜ ቆሜ፣ አንድ የአገሬ ሰው ሳያስበው “እናትሽን ነፍሷን ይማረውና” ሲል። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናንተም ታውቃላችሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው አስቀድሞ፣ ገና ሳይነጋ ደጅ ደርሶ፣ አስቀምጦና ደግፎ ነው። እኔን የደገፈኝ የሰው በርበሬ ጆንያ ነበር።

ወንድሜ “አራስ ስለሆነች እንዳትደነግጥ ብዬ ነው” አለ ተባለ። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ እውነት ነው። እኔ ግን አራስ አልነበርኩም። የወለድኩት ልጅ ከእናቴ ቀድሞ ሞቷል። ይህን ወንድሜ ያውቃል፤ ሰው ልኬበታለሁ። በአርባዋ ዕለት ደግሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ምንጩ ዳር ያለችውን የእናታችንን መስክ ለእሱ ሰጡት። “እህቴ ትቻለሁ ብላለች” ብሎ ነበር። የእናቴን ሞት ሳልሰማ መስኳን ትቻለሁ ማለት ነው።

“ለምን?” ብዬ ፊት ለፊት ጠይቄው አላውቅም። በእኛ አገር ታላቅ ወንድም እንዲያ አይጠየቅም፤ እሱም ይህን ያውቃል። አንድ ቀን በራሱ አንደበት ይነግረኛል እያልኩ ስጠብቅ ጸጉሬ ነጣ።

ስልክ ላይ እንዲህ የሙጥኝ ያልኩት በዚህ የተነሳ ነው። ሰው “ይቺ ሴትዮ ዘመናዊ ልሁን ብላ” ይላል። ይበል። እኔ የፈለግሁት ዳግመኛ በሰው ሞት የመጨረሻ ሰሚ ላለመሆን ነው።

ሞላሌ ገበያ ላይ ስማርት ስልክ በውል የሚሰጡ ሁለት ድርጅቶች ድንኳን ተክለው ነበር። ሁለቱም ስልኩን ይሰጡሃል፤ በየወሩ ከፓኬጁ ጋር ትከፍላለህ። አንደኛው ጋ የነበረችው ልጅ ጥሩ ልጅ ናት፤ “ዋስ ያስፈልግዎታል፣ ቤትና መሬት ያለው” አለችኝ።

“ዋስ የለኝም።”

“ወንድምም የለዎትም?”

“አለኝ። ዋስ ግን የለኝም” ብያት ወደ ሌላው ድንኳን ሄድኩ። እዚያ ዋስ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ስልኩ ውሉ እስኪያልቅ ከእነሱ ሲም በቀር አይቀበልም። “ምን ገዶኝ፣ ሁለት ሲም ምን ያደርግልኛል?” ብዬ ፈረምኩ። ያንን ውል የመረጠልኝ ለወንድሜ ያለኝ ቂም ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም።

ቤቴ ስገባ ስልኩ ድንጋይ ሆነ። የእኔ ቤት ከጉብታው በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ የእነሱ ኔትወርክ እዚያ አይደርስም። የጎረቤቴ ስልክ፣ ዋስ የሚጠይቀው ድርጅት ሲም ያለበት፣ ጓዳዋ ውስጥ ሆኖ ይጮሃል። የእኔን ይዤ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ መውጣት አለብኝ። ምሽት ላይ እዚያ ቆሜ ሲያዩኝ ለጸሎት የመጣሁ ይመስላቸው ነበር። የጎረቤቴን ሲም ብከትበት “ይህ ሲም አይፈቀድም” አለኝ። ፊደሉም የመጨረሻው ትልቅ ተብሎ ከመነጽሬ ጋር ይታገላል። የማላውቃቸው ነገሮች ፊቱ ላይ ተለጥፈዋል፤ ላጠፋቸው ብል “አይቻልም” ይላል። ውሉን እስከ መጨረሻው ከፍዬ “አሁንስ ፍቱልኝ” ብዬ ሄድኩ። “ከላይ ይጠየቃል” አሉኝ። ከላይ የሚመልስ ሰው ጠፋ።

በዚህ ጊዜ ነው ሰው መሐል ሜዳ ወዳለው ዘለቀ የላከኝ። ዘለቀ ድሮ ራዲዮ ይጠግን የነበረ፣ አሁን ስልክ የሚጠግን፣ እየሠራ የሚያወራ ጎልማሳ ነው። ገብስ የሚታጨድበት ወቅት ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በጠዋት መኪና ሄጄ ሱቁን ሲከፍት ደረስኩ።

“እማማ፣ ምን ሆኖ ነው?” አለኝ ስልኩን እያገላበጠ።

“እማማ አትበለኝ። አልወለድኩህም።”

“እሺ እትዬ። ምን ሆኖብዎት ነው?”

“ምንም አልሆነም። ታስሯል፤ ፍታልኝ።”

ሳቀ። “ዲኮድ ይደረግ ነዋ የሚሉት! እሱ ቀላል ነው። የፈለጉትን ሲም ይቀበላል። ግን እኔን ከጠየቁኝ ሩትም ላድርግልዎት።”

“እሱ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ፋብሪካው ስልኩን ሲሠራ ለራሱ ያስቀረው ቁልፍ አለ። ለገዢው አይሰጥም። ያንን ቁልፍ ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉን የፈለጉትን ያህል ማተለቅ፣ ድምፁን ከተፈቀደው በላይ ማስጮህ፣ እነዚህን የለጠፉብዎትን ሁሉ ነቅሎ መጣል ይቻላል።”

“ቢበላሽስ?”

“ቢበላሽ አቤት የሚሉበት የለም። ፋብሪካውም ድርጅቱም ከዚህ በኋላ አያውቁዎትም።”

“ድሮስ መቼ አወቁኝ? ሥራው።”

ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ስልክ ቁጥሮቼንና ፎቶዎቼን መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ገለበጠ። “እንግዲህ አሁን ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ነው የምጭነው። ከጀመርኩ መሐል ላይ አይነካም፤ ከተነካ ዴድ ያደርገዋል፤ ይሞታል ማለት ነው” አለና ጣቱን አነሳ።

ልክ በዚህ ጊዜ ስልኩ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ጌትነት ነበር። ይህ ልጅ ከአባቱ ተደብቆ በየበዓሉ “እንኳን አደረስዎት” ይለኛል እንጂ በአዘቦት ቀን ደውሎ አያውቅም። ገመዱ እንደተሰካ አነሳሁት።

“አክስቴ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬ ወደ እኛ መምጣት ይችላሉ?”

“ምነው?”

“ምንም አይደለም። አባባ ትንሽ አሟቸዋል።”

“ትንሽ?”

“ትንሽ ነው። አይደንግጡ። ብቻ ይምጡ፤ ሲመጡ እናወራለን” አለና ዘጋው።

ከተማ ላላችሁና ለማታውቁት፣ በእኛ አገር ማንም ሰው በስልክ “ሞተ” አይልም። ነውር ነው። “ትንሽ አሞታል” ይባላል። “አትደንግጪ” ይባላል። “ስትመጪ እናወራለን” ከተባለማ ሬሳው ተገንዟል ማለት ነው። ዘለቀም ሰምቶ ኖሮ ቀና ብሎ አየኝ። በዝግታ የራዲዮኑን ዘፈን አጠፋ። ኮፍያውንም አወለቀ።

“ማን ናቸው?” አለኝ፤ ያ ሁሉ ወሬው ጠፍቶ።

“ወንድሜ።”

“ታናሽ ናቸው?”

“ታላቄ።”

“አይዞዎት። ትንሽ ነው ያሉት አይደል?” አለና ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

ስልኩን ከእጄ እንዴት እንደወሰደው አላስታውስም። ግራ ገብቶት ይሁን እጁን ሥራ ለማስያዝ፣ ቁልፉን ተጫነው። ወደ ራሴ ስመለስ “ቆይ! መልሼ ልደውልለት” ብዬ ዘለልኩ።

“ጀመርኩት እኮ እትዬ!”

“በአንተ ስልክ ደውልልኝ።”

“ቁጥሩን ይንገሩኛ።”

ቁጥሩን መች በቃሌ አውቀዋለሁ? “ከላፕቶፑ ላይ አውጣው” አልኩት። “ይህ ሲያልቅ አወጣዋለሁ፤ ትንሽ ይጠብቁ” አለኝ። ቁጭ አልኩ፤ ተነሳሁ። በሩ ጋ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። የስልኩ ፊት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር በቀስታ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። ግማሽ መንገድ እንደሄደች መብራት ጠፋ።

የዘለቀ ላፕቶፕ ባትሪው ካለቀለት ዘመን አልፎታል፤ እሱም አብሮ ጠፋ። ስልኬ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ዘለቀ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ “እመብርሃን!” አለ።

“ሞተ?” አልኩት።

ስለ ስልኩ ነበር የጠየቅሁት። እሱ ግን ስለ ወንድሜ መስሎት “እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ብቻ ይበርቱ” አለኝ።

ደግ ሰው ነው፤ አልዋሽም። “ቀየት አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ልጠይቅልዎት” ብሎ በራሱ ስልክ ደወለ። ወደ በሩ ወጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራ። ጆሮዬ ግን ደህና ነው፤ የጓደኛው ድምፅም ይጮሃል። “የጋሽ ደምሰው ቤት? ምን አውቄ… ጠዋት ብዙ ሰው ጋቢ ለብሶ ወደዚያ ሲወርድ አይቻለሁ” ሲል ሰማሁት። ዘለቀ ሲመለስ “ኔትወርክ እንቢ አለ፣ በደንብ አልሰማሁትም” አለኝ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

መናኸሪያ ስደርስ ወደ ቀየት የሚሄደው ሚኒባስ ሊነሳ ነው። ረዳቱ ፊቴን አይቶ ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነሳልኝ። እንዲህ ያለ ደግነት በአዘቦት ቀን አይገኝም። ከኋላዬ ያለች ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ “ማን ታመመብዎት እናቴ?” አለች።

“ወንድሜ።”

“በጣም ነው?”

“ትንሽ ነው አሉኝ።”

“ውይ በሞትኩት!” ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ስለዚያ መንገድ እውነቱን እነግራችኋለሁ። አላዘንኩም። ሐዘን ሊቀመጥ የሚገባው ቦታ ላይ ንዴት ተቀምጦበት ነበር። ሰውዬው አምልጦኛል። ያን ሁሉ ዘመን መልሱን አፉ ውስጥ ይዞ ቆየና ይዞት ሄደ። ከእንግዲህ ማንን እጠይቃለሁ? ሽማግሌዎቹ አልቀዋል። ሚስቱ አስካለ ያኔ ገና አልገባችም። እግሬን ስዘረጋ፣ ሳጥፍ፣ መስኮቱን ስከፍት፣ ስዘጋ ሾፌሩ “እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?” አለኝ። ለቅሶ ቤት ስደርስ ምን እንደምል ማሰብ ጀመርኩ። ሙሾ ላይ የተባለ ነገር በማንም አይያዝም። ሴት ልጅ በሕይወት የማትናገረውን በለቅሶ ላይ ታወጣዋለች፤ ማንም “ተይ” አይላትም። እስከ ቀየት ግጥሜን ስፈትል ሄድኩ።

ከመኪና ወርጄ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩና ቁልቁል ወደ ቤቱ ሄድኩ። ከላይ ሆኜ ሳይ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። አይስቁም፣ አይጮሁም። ጓዳው በኩል ጭስ ይታያል፤ ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የቀረኝ ጥርጣሬ ካለ እዚያ ላይ አለቀ። አጥሩ ጋ ስደርስ ድምፄን ለቀቅሁት።

“ወንድሜ! ወንድሜ! ወንድሜ!

እናቴን ቀበርካት መርዶዋን ደብቀህ፣
ዛሬም ሄድክ አሉኝ መልሴን አጥብቀህ።”

ወንዶቹ ብድግ አሉ። አስካለ ከጓዳ ዱቄት በዱቄት ሆና ወጣች፤ እኔን በዚያ ሁኔታ ስታይ የራሷ ሰው ሞቶባት መርዶ ይዤ የመጣሁ መሰላትና “እናቴን! እናቴን!” ብላ መሬት ላይ ወደቀች። የቀሩት ሴቶች እሷ ስታለቅስ አለቀሱ። ከላይ ቤት ያሉትም ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ ወረዱ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ግን የማያለቅስ አልነበረም። እኔም በዚያ መሐል ስለ መስኩ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ በርበሬው ጆንያ፣ ስለ ሞተው ልጄ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

የቤቱ በር ተከፈተ። ወንድሜ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ ዓይኑ በጉንፋን ቀልቶ ወጣ።

“ማን ሞተ?” አለ።

አስካለ ከመሬት ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ግድግዳው ጋ ከነበሩት ጎረምሶች አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጋቢው ውስጥ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰዎቹ ለገብስ አጨዳ ደቦ የመጡ ናቸው። ምሳ በልተው ማረፋቸው ነው። ዘፈኑንም የተዉት ባለቤቱን ስላመመው፣ እንቅልፍ ይውሰደው ብለው ነው። ወንድሜን ያመመው ጉንፋን ነው። ትንሽ። ልክ ልጁ እንዳለው።

“እኔ ነኝ የሞትኩት?” አለኝ ወንድሜ።

“አዎ።”

“አልሞትኩም።”

“አየሁህ።”

“እንግዲያው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ያልሽውን መልሺው።”

በሕይወቴ ሙሉ አንተ ብዬው አላውቅም፤ ከተቀያየምን ወዲህም አንቱ ላለማለት ዝም ነበር የምለው። ሙሾው ግን አፌን ከፍቶት ነበር። “ሞተሃል ብዬ የተናገርኩትን ስላልሞትክ አልመልሰውም” አልኩት።

ከሰዎቹ ውስጥ አያ ሞላ የሚባሉ የዕድሜ ባለጸጋ ጎረቤት አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና “ደምሰው፣ ሙሾ ለሟች ነው፤ ሟች አይመልስም፤ እኛም ሰምተን እንሄዳለን። ሟች ከሰማ ግን እንግዲህ መመለስ ሳይኖርበት አይቀርም” አሉ።

“በሰው ፊት?” አለ ወንድሜ።

“መስኳን በሰው ፊት አይደል የወሰድከው?” አልኩት።

መደቡ ላይ ተቀመጠ። ረዘም ላለ ጊዜ ሳለ። ሳሉ እውነተኛ ይሁን ጊዜ መግዣ አላውቅም።

“አራስ ነበርሽ” አለ።

“አልነበርኩም።”

“እንዳትደነግጪ ብዬ…”

“ልጄ መሞቱን ልኬብሃለሁ። የላክሁት ሰው ይኸው አጠገብህ የተቀመጡት አያ ሞላ ናቸው።”

አያ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሜ ከዘራውን መሬት ላይ አስተኛው።

“አውቅ ነበር” አለ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ አጥሩን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። “እናታችን ስታጣጥር አጠገቧ እኔ ብቻ ነበርኩ። ‘የሺን ያ ባሏ ይመታታል። አሁን ልጁም የለም፤ የሚይዛት የለም። አምጣትና ምንጩ ዳር ቤት ሥራላት’ አለችኝ። ለቅሶ ብትመጪ አትመለሺም ነበር። እኔ ደግሞ ሚስት ላገባ ነው፤ ያለ ምንጩ ዳር መስክ የረባ መሬት አልነበረኝም። ዝም አልኩ። አርባዋ ሲወጣ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገርሽ?”

አንባቢዎቼ፣ የመስኩን ነገር አውቀዋለሁ ብያችኋለሁ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። እናቴ ጠርታኛለች። የምትሞት ሴት፣ በመጨረሻ ትንፋሿ፣ ከዚያ ቤት አውጡልኝ ብላለች። እኔ በዚያ ቤት ባሌ እስኪሞት ተቀመጥኩ። ምን እንዳሳለፍኩ እዚህ አልጽፍም፤ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ጥርሶቼ የት እንደቀሩ አውቃለሁ፤ ይበቃል።

ልሳደብ አፌን ስከፍት የወጣው ስድብ አልነበረም። “እናቴ” የሚል ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከመሬት ያነሳችኝ አስካለ ናት፤ ያቺ የሞተባትን ሰው እስካሁን ያላወቀች ሴት። ትከሻዬን አቅፋ ወደ ሴቶቹ ዞረችና “ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? መርዶዋ ዛሬ ነው የደረሰው! ተቀመጡ እንጂ!” አለች።

ተቀመጡ። አጥሩ ሥር ክብ ሠርተው ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ ተቀመጡና ከስንት ዘመን በፊት የተቀበረች እናቴን አለቀሱልኝ። ከመሐላቸው የሚያውቋት ሦስት አሮጊቶች መልኳን፣ አፈታተሏን፣ ሳቋን እየጠሩ አስለቀሱኝ። ወንዶቹ አጨዳቸውን ትተው ከአጥሩ ውጭ ተቀመጡ። ወንድሜ ከነሱ ጋር አልሄደም። መደቡ ላይ ብቻውን፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

አያ ሞላ ማምሻውን የመስኩን ነገር አነሱ። “ውሰጂው” አለ ወንድሜ። “ምን ያደርግልኛል፣ አርጅቻለሁ” እላለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ወሰድኩት። በማግስቱ ሽማግሌ ይዘን ድንበሩን አይተን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ነው የሄድኩት።

ጌትነት ለምን እንደጠራኝ የነገረኝ ያን ዕለት ማታ፣ ፊቱን ከምድጃው ወደ ሌላ ወገን አዙሮ ነው።

“አክስቴ፣ አባባ በውል ስልክ ሊወስዱ ነበር። የትኛው እንደሚሻል ጠፍቶን ነው። እርስዎ ያውቃሉ ሲባል ሰምተው ‘በእኔ ስም አትጥራት፣ ብቻ ትምጣ’ አሉኝ።”

“እና ትንሽ አሟቸዋል ትለኛለህ?”

“አሟቸው ነበር እኮ!”

“አንተ ጅል፣ የተማርከው የት አገር ነው?”

ወንድሜ ጥግ ሆኖ “ልጁን ተይው” አለ። ከዚያም እያፈረ “የትኛው ይሻላል?” ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቂም የያዝኩበት ሰው ስለ ውል ሲጠይቀኝ የማታልል ሴት አይደለሁም።

መሐል ሜዳ ስመለስ ዘለቀ ከሩቅ ሲያየኝ ኮፍያውን አወለቀ። “እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ።”

“ለምኑ? ደህና ነው፤ ጉንፋን ነው።”

አላመነኝም። ሞላሌ ያሉት የእድሬ ሴቶችማ ድንኳን ሊያስተክሉ ነበር። መብራት ሲመጣ ዘለቀ ስልኬን ከሞት አስነስቶት ቆየኝ። አሁን ማንኛውንም ሲም ይቀበላል፤ የጎረቤቴን ዓይነት ከተትኩበት። ፊደሉ ያለ መነጽር ይነበባል። ሲጮህ ጎረቤት ይሰማል። ቁጥሮቼም አንድ አልጎደለም።

እንግዲህ የምላችሁ ይህ ነው። ውል ስትፈርሙ በድንኳኑ ሥር ባለው ኔትወርክ አትታለሉ፤ የጎረቤት ስልክ ለምናችሁ በገዛ ደጃችሁ ቆማችሁ ሞክሩ። ስልካችሁን ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ ለመክፈት ካሰባችሁ፣ ዕዳው የናንተ መሆኑን አውቃችሁ፣ ቁጥራችሁን በወረቀት ገልብጣችሁ፣ መብራት የማይጠፋበት ቀን ፈልጉ፤ ካገኛችሁት። የሰውን ነገር ግን ልመክራችሁ አልችልም። “ይቅር አልሽው ወይ?” የሚሉኝ አሉ። አላልኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንቅልፌ ተመለሰ። ለጌትነትም ያኔውኑ አንድ ነገር አዝዤው ነበር። “ከእንግዲህ ለእኔ ትንሽ አሞታል የሚባል ነገር የለም። የታመመ ታመመ፣ የሞተ ሞተ በለኝ። ነውሩ በእኔ ላይ ይሁን።”

ወንድሜ ቆይቶ በሌላ ሕመም ሞተ። ጌትነት በጠራራ ፀሐይ፣ ጓዳዬ ውስጥ ሳለሁ ደወለልኝ።

“አክስቴ፣ አባባ አሁን አረፉ” አለኝ። ልጁ በዕድሜው እንዲህ ያለ ቃል በስልክ ተናግሮ አያውቅም።

“እሺ። መጣሁ” አልኩት።

አገሩ ሁሉ “መርዶ በስልክ!” ብሎ አማን። እኔ ግን ከዘመድ ሁሉ ቀድሜ፣ ገና ሳይገነዝ ደረስኩ። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤቱ ሲሞላ ሴቶቹ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞሩ። የዚያን ቀኑን ያስታውሳሉ፤ ምን እላለሁ ብለው ይጠብቃሉ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ እንጂ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

“ምነው የሺ ዝም አለች?” ብላ አንዷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

አስካለ ናት የመለሰችላት። “እሷ ለራሱ ነግራዋለች” አለች።